ዝም ያለ ስህተት

የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተር ውስጥ ሲቀመጥ እያንዳንዱ ሆሄ ሦስት ባይት ይይዛል። ዛሬ ድረ ገጾች በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ የሚጠቀሙት ዩቲኤፍ-8 የተባለውን የፊደል አቀማመጥ ነው። በዚህ ሥርዓት ለአንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲበቃው «አ» ግን ሦስት ይፈልጋል። «አዲስ አበባ» ብለን ስንጽፍ ለዓይናችን ስድስት ሆሄና አንድ ክፍት ቦታ ነው፤ ለማሽኑ 19 ባይት ነው። ልዩነቱ ቀላል ይመስላል። ሆኖም የአማርኛ ድረ ገጽ ለሚሠራ ሰው ከዚህ ልዩነት የሚወለዱት ስህተቶች ለማግኘት እጅግ ከሚያስቸግሩት መካከል ናቸው፤ የዚህ ምዕራፍ ጉዳይም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

በፒኤችፒ ቋንቋ የተሠራ አንድ የአማርኛ ዜና ድረ ገጽ እናስብ። ገጹ የእያንዳንዱን ዜና መግቢያ ቆርጦ ለስልክ መተግበሪያ ይልካል። ፕሮግራመሩ ለመቁረጫ የመረጠው «ሰብስተር» የተባለውን ፈንክሽን ነው፤ የመጀመሪያውን 100 ውሰድ ብሎ አዝዞታል። ሰብስተር የሚቆጥረው ባይት እንጂ ሆሄ አይደለም። ሙከራው በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከተደረገ ምንም ችግር አይታይም፤ 100 ባይት 100 ፊደል ነው። አማርኛ ሲመጣ ግን መቁረጫው መቶኛው ባይት ላይ ሲያርፍ ከግማሽ በሚበልጥ ዕድል አንዱን ሆሄ መሐሉ ላይ ይሰነጥቀዋል። ከሦስቱ ባይት አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ ይቀራሉ። ይህ ቅሪት በየትኛውም ቋንቋ ፊደል አይደለም።

የተቆረጠው ጽሑፍ ቀጥሎ የሚሄደው «ጄሰን ኢንኮድ» ወደሚባለው ፈንክሽን ነው፤ ሥራው መረጃውን ስልኩ በሚረዳው ቅርጽ ማሰናዳት ነው። ይህ ፈንክሽን የተሰነጠቀ ሆሄ ሲያገኝ ሥራውን ያቆምና «ፎልስ» የሚል ዋጋ ይመልሳል። አይጮህም፤ መዝገብ ላይም አይጽፍም። ፕሮግራመሩ የተመለሰውን ዋጋ ካልፈተሸ ፒኤችፒ ፎልስን እንደ ጽሑፍ ያወጣዋል፤ ፎልስ በጽሑፍ መልኩ ባዶ ነው። ሰርቨሩ 200 የሚለውን የስኬት ቁጥር አስቀድሞ ባዶ መልስ ይልካል። ከብዙ ዜና መሐል የተሰነጠቀው አንዱ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ የጠፋው ግን ዝርዝሩ በሙሉ ነው። ፕሮግራመሩ ነገሩን የሚያውቀው አንድ አንባቢ ደውሎ «ገጻችሁ ባዶ ነው» ሲለው ነው። ገብቶ ሲያይ ደግሞ አዳዲስ ዜና ተጭኖ የተሰነጠቀው ከዝርዝሩ ወጥቷል፤ ገጹ በሰላም ይሠራል፤ በስህተት መዝገቡ ላይ አንዲት መስመር የለችም።

ከስህተት ሁሉ የምፈራው ይህን ነው። ፕሮግራሙ ተሰብሮ ቢቆም፣ በየትኛው ፋይል በስንተኛው መስመር እንደወደቀ ቢናገር፣ ጥገናው የአንድ ሰዓት ሥራ በሆነ ነበር። መልሱም አጭር ነው፤ በሰብስተር ፈንታ ሆሄ የሚቆጥረውን «ኤምቢ ሰብስተር» መጠቀም ብቻ ነው። ጊዜውን የሚበላው መጠገኑ አይደለም፤ ችግር መኖሩን ማወቁ ነው። በሦስት አሥርት ዓመታት ውስጥ ፒኤችፒ ስህተትን የሚይዝበት መንገድ የተለወጠውም ይህን ዝምታ ለመስበር በተደረገ ረጅም ጥረት ነው።

ስህተትን በሚመለስ ዋጋ መንገር ከፒኤችፒ የቆየ ልማድ ነው። ፒኤችፒ ራሱ የተጻፈበት የሲ ቋንቋ እንዲህ ያደርጋል፤ ፋይል ክፈት ተብሎ የታዘዘ ፈንክሽን ካልቻለ ባዶ ዋጋ ይመልሳል፤ ማየት የጠሪው ኃላፊነት ነው። ችግሩ፣ ለመልካሙም ለክፉውም ዜና መንገዱ አንድ መሆኑ ነው። በፒኤችፒ «ስተርፖስ» የተባለው ፈንክሽን አንድ ቃል በጽሑፍ ውስጥ የት እንደሚገኝ ይፈልጋል። «አዲስ አበባ» ውስጥ «አዲስ»ን ፈልግ ብትሉት መልሱ 0 ነው፤ ቆጠራው ከ0 ስለሚጀምር «መጀመሪያው ላይ አገኘሁት» ማለቱ ነው። ቃሉ ከሌለ ደግሞ ፎልስ ይመልሳል። በጥድፊያ የተጻፈ «ካገኘህ ይህን አድርግ» የሚል ኮድ 0ንና ፎልስን አይለያቸውም፤ ስለዚህ ቃሉ ጽሑፉ መጀመሪያ ላይ በሚገኝ ጊዜ ብቻ ፕሮግራሙ «የለም» ይላል። ሁለቱን ለመለየት ሦስት የእኩል ምልክት ያስፈልጋል። ሁለት እኩል ምልክት የጻፈና ሦስት የጻፈ ፕሮግራመር ኮዳቸው ለዓይን አንድ ነው፤ ውጤቱ ግን ይለያያል።

ፒኤችፒ እንዲህ ገራም የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ግሪንላንድ የተወለደው ራስመስ ሌርዶርፍ እ.ኤ.አ. በ1994 የመጀመሪያዎቹን መሣሪያዎች ሲጽፍ ቋንቋ ሊፈጥር አላሰበም። በኢንተርኔት ያስቀመጠውን የሥራ ልምድ መግለጫውን ማን እንደሚያየው ማወቅ ነበር የፈለገው። በ1995 ለሕዝብ ሲለቀቅም ስሙ የግል መነሻ ገጽ መሣሪያዎች የሚል ነበር። ኋላ አንዲ ጉትማንስና ዜቭ ሱራስኪ፣ ያኔ በሃይፋው ቴክኒዮን ተማሪዎች የነበሩ፣ ውስጡን እንደገና ጽፈው በ1998 ሦስተኛውን እትም አወጡ። ለግል ገጽ የተሠራ መሣሪያ ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ገጹ እንደምንም ይውጣ። ያልተሰየመ ቫሪያብል ብትጠሩ ባዶ እንደሆነ ቆጥሮ ይቀጥላል። ፋይል ቢጠፋ ማስጠንቀቂያ ጽፎ ወደሚቀጥለው መስመር ያልፋል። ማስጠንቀቂያው ካስቸገረ ደግሞ ከትእዛዙ ፊት የ«አት» ምልክትን ማስቀመጥ ዝም ያሰኘዋል። ለጎብኚ ቆጣሪ ይህ ደግነት ነበር። ያው ቋንቋ የሆስፒታል ካርድና የባንክ ሂሳብ መያዝ ሲጀምር ግን ደግነቱ አደገኛ ሆነ።

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ኤክሴፕሽን ይባላል፤ ሐሳቡም ከፒኤችፒ በብዙ ይቀድማል። በ1960ዎቹ አጋማሽ የወጣው የአይቢኤሙ ፒኤል/ዋን ቋንቋ የመጀመሪያውን መልክ ይዞ ነበር። በ1975 ጆን ጉድኢናፍ ጉዳዩን አጥርቶ የሚተነትን ጥናት አሳተመ። በእነዚያው ዓመታት በኤምአይቲ ባርባራ ሊስኮቭና ተማሪዎቿ በሠሩት ሲኤልዩ በተባለ ቋንቋ ውስጥ ተግባራዊ አደረጉት። ሊስኮቭ በኋላ የ2008ን የቱሪንግ ሽልማት ተቀብላለች። ሲ ፕላስ ፕላስ፣ ጃቫና ፓይተን ሐሳቡን ከተቀበሉ በኋላ ነው ፒኤችፒ በ2004 በአምስተኛው እትሙ ያስገባው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ፈንክሽን ሥራውን መጨረስ ሲያቅተው ዋጋ አይመልስም፤ ኤክሴፕሽን ይወረውራል። ትእዛዙ «ትሮው» ነው። የተወረወረው ነገር ባዶ ምልክት አይደለም፤ ምን እንደተበላሸ የሚገልጽ መልእክት፣ የፋይሉን ስም፣ የመስመሩን ቁጥር፣ እዚያ ለመድረስ የትኛው ፈንክሽን የትኛውን እንደጠራ የሚያሳይ ሙሉ ዱካ ይዟል። ከተወረወረባት መስመር በታች ያለው ኮድ አይሠራም። ፈንክሽኑን የጠራው ፈንክሽን «ይህን ልሞክር፣ ቢበላሽ ግን እይዛለሁ» ብሎ በ«ትራይ» እና በ«ካች» ካዘጋጀ ነገሩ እዚያው ይቆማል። ካላዘጋጀ እሱም ይቋረጥና ጉዳዩ ወደ እሱ ጠሪ ያልፋል። ወረዳ መወሰን ያልቻለው አቤቱታ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከክፍለ ከተማም ወደ ከተማ አስተዳደር እንደሚወጣ፣ ኤክሴፕሽንም የመወሰን ሥልጣን ያለው ኮድ እስኪያገኝ ወደ ላይ ይወጣል። ከላይ ድረስ ማንም ካልያዘው ፕሮግራሙ ይወድቃል፤ አወዳደቁ ግን ከነምክንያቱ ነው። እዚህ ላይ ነው ትልቁ ለውጥ ያለው። በድሮው መንገድ ምንም ያላደረገ ፕሮግራመር የሚያገኘው ዝምታ ነበር። በአዲሱ መንገድ ምንም ያላደረገ ፕሮግራመር የሚያገኘው ጩኸት ነው።

አንድ ተጨማሪ ክፍል አለ፤ «ፋይናሊ» ይባላል፤ ነገሩ ቢሳካም ባይሳካም መሠራት ያለበትን፣ የተከፈተ ፋይል መዝጋትን የመሰለ ሥራ ይይዛል። ወደ ፒኤችፒ የገባው በ2013፣ በ5.5 ነው።

የ2004ቱ ለውጥ ግን ግማሽ ነበር። ፕሮግራመሮች የራሳቸውን ኤክሴፕሽን መወርወር ቻሉ፤ ቋንቋው ራሱ ግን አብዛኛውን ስህተቱን በአሮጌው መንገድ መናገሩን ቀጠለ። አንዱ ላይብረሪ ይወረውራል፣ ሌላው ፎልስ ይመልሳል፣ ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። አንዳንዱ ከባድ ስህተት ደግሞ በምንም አይያዝም ነበር፤ ባዶ በሆነ ነገር ላይ ሜተድ መጥራት ገጹን በሙሉ ይገድለው ነበር። ይህን ያቃናው በታኅሣሥ 2015 የወጣው ሰባተኛው እትም ነው። የውስጥ ስህተቶች «ኤረር» በሚል ቤተሰብ ተሰብስበው የሚወረወሩ ሆኑ፤ ኤረርና ኤክሴፕሽን «ትሮዌብል» በሚባል አንድ ጣሪያ ሥር ገቡ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበትን ነገር ልንገራችሁ። ኤክሴፕሽንን እይዛለሁ የሚል ካች ኤረርን አይዝም፤ ወንድማማቾች እንጂ አባትና ልጅ አይደሉም። ሁለቱንም መያዝ የሚፈልግ ትሮዌብል ብሎ መጻፍ አለበት።

ለውጡን በአንዲት መስመር ማየት ይቻላል። አሥርን ለዜሮ አካፍል ስትሉት አምስተኛው እትም ማስጠንቀቂያ ጽፎ ፎልስ ይመልሳል። ሰባተኛው ማስጠንቀቂያ ጽፎ መጨረሻ የሌለው ቁጥር ይመልሳል። በ2020 የወጣው ስምንተኛው እትም ግን ኤረር ይወረውራል፤ የሐሰት ውጤት ይዞ ወደፊት መሄድ አይፈቅድም። የጄሰን ኢንኮድ ታሪክም እንዲሁ ነው። ከ2018ቱ 7.3 ጀምሮ «ስህተት ካለ ወርውር» የሚል ምርጫ ተጨምሮለታል። ያ ምርጫ ቢበራ ኖሮ ከላይ ያየነው ነጭ ገጽ በመጀመሪያው ቀን መዝገብ ላይ ይጻፍ ነበር። የሚያሳዝነው ምርጫው ዛሬም በራሱ አይበራም፤ ፕሮግራመሩ መጻፍ አለበት። ቋንቋው የቆየ ኮድ እንዳይሰበር ብሎ ያደረገው ነው፤ ምክንያቱን እረዳለሁ። አዲስ ሥራ የሚጀምር ሰው ግን ሳያበራው ማደር የለበትም።

ገንዘብ ሲመጣ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። ከአንድ ሂሳብ 1,000 ብር ተቀንሶ ወደ ሌላው የሚገባበትን ኮድ እንውሰድ። ሁለት ትእዛዝ ለዳታቤዙ ይሄዳል፤ አንዱ ቀንስ፣ ሌላው ጨምር የሚል። ሁለቱ በአንድ ትራንዛክሽን ይታሰራሉ፤ መጨረሻ ላይ «አጽድቅ» ይባላል። ፒኤችፒ ከዳታቤዝ ጋር የሚነጋገርበት ፒዲኦ የተባለው መሣሪያ እስከ 2020 ድረስ በነባሪ ሁኔታው ስህተትን በዝምታ የሚያልፍ ነበር። ሁለተኛው ትእዛዝ ቢከሽፍ ፎልስ ይመልሳል፤ ካልተፈተሸ ኮዱ ወደ «አጽድቅ» ያልፋል። ከላኪው የተቀነሰው ገንዘብ ይጸድቃል፤ ተቀባዩ ጋ የደረሰ የለም። ትራንዛክሽኑ የተሠራው ይህን ለመከላከል ነበር፤ ስህተቱን የነገረው ስላልነበረ ግን መከላከል አልቻለም። ከ8.0 ጀምሮ ፒዲኦ በነባሪነት ይወረውራል። ሁለተኛው ትእዛዝ ሲከሽፍ «አጽድቅ» የምትለው መስመር ላይ ጨርሶ አይደረስም፤ ካች ውስጥ «መልስ» ተብሎ ሁለቱም ይሰረዛሉ፤ ከዚያም ኤክሴፕሽኑ እንደገና ይወረወራል። እንደገና መወርወሩ አይረሳ። ሂሳቡን ማስተካከል የዚህ ፈንክሽን ሥራ ነው፤ ለደንበኛው ምን እንደሚባል መወሰን ግን የበላዩ ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ቋንቋው ሃያ ዓመት ለፍቶ የሰበረውን ዝምታ ፕሮግራመሩ በሁለት መስመር ሊመልሰው ይችላል። ትራይ ይከፍታል፣ አደገኛውን ኮድ ያስገባል፣ ካች ይጽፍና ውስጡን ባዶ ይተወዋል። የተወረወረው ይያዛል፤ ከተያዘ በኋላ ግን ሆድ ይፍጀው ተብሎ ይቀራል። ማን ወረወረው፣ ለምን፣ ስንት ጊዜ፣ ማንም አያውቅም። ይህ ከፎልስ ይብሳል። ፎልስ ቢያንስ ተመልሶ ለሚፈትሽ ሰው ይታያል፤ ባዶ ካች ውስጥ የገባ ኤክሴፕሽን ምንም አይተርፈውም። ባዶ ካች የሚጻፍበት ምክንያት ሁሌም ይገባኛል፤ የማስረከቢያ ቀን ደርሷል፣ ገጹ ቀይ ጽሑፍ ያሳያል፣ አለቃ ቆሟል። ቀዩ ጽሑፍ የጠፋው ግን ችግሩ ስለተፈታ አይደለም፤ በሽተኛው እንዳይናገር አፉ ስለተያዘ ነው። የማንንም ኮድ ስመረምር መጀመሪያ የምፈልገው ባዶ ካችን ነው፤ ባለቤቱ ስለ ሥራው ምን እንደሚያስብ ከዚያ ይታወቃል።

ታዲያ የት እንያዝ? የምመራበት ሕግ አንድ ነው፤ በጉዳዩ ላይ አንድ ነገር ማድረግ የምትችሉበት ቦታ ያዙ፤ ካልቻላችሁ አሳልፉ። የአየር ሁኔታ የሚያመጣው አገልግሎት ባይመልስ የትናንቱን ማሳየት የሚቻል ከሆነ እዚያው ይያዝ፤ መዝገብ ላይም ይጻፍ። የዳታቤዙ የይለፍ ቃል ከተሳሳተ ግን ዜና የሚቆርጠው ፈንክሽን ምን ሊያደርግ ይችላል? ምንም። ስለዚህ አይንካው። ከሁሉ በላይ፣ ጥያቄው ወደ ድረ ገጹ በሚገባበት በር ላይ አንድ ትልቅ መያዣ ይቀመጥ፤ ያመለጠውን ሁሉ ይመዝግብ፣ ለተጠቃሚው ጨዋ ገጽ ያሳይ፣ ከ200 ፈንታ ስህተትን የሚናገረው የ500 ቁጥር ይላክ። ላራቬልና ሲምፎኒን የመሰሉት ማዕቀፎች ይህን በር ሠርተው ይሰጣሉ። እነሱን የሚጠቀም ሰው በየፈንክሽኑ ትራይና ካች መበተን አያስፈልገውም። በጥሩ ሁኔታ የተጻፈ ትልቅ ሥራ ውስጥ ያለው የካች ብዛት ጀማሪዎች ከሚገምቱት በብዙ ያነሰ ነው።

ኤክሴፕሽንን የማይወዱ አዋቂዎች እንዳሉ መደበቅ አልፈልግም። በጎግል ተሠርቶ በ2009 ይፋ የሆነው ጎ ቋንቋ ሆን ብሎ ትቶታል፤ ስህተት እዚያ ከውጤቱ ጎን የሚመለስ ሁለተኛ ዋጋ ነው፤ ፕሮግራመሩ በየመስመሩ ይጠይቃል። ክርክራቸው ኤክሴፕሽን ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ ኮዱን በማንበብ ብቻ አይታወቅም የሚል ነው። እውነት አለው። ለፒኤችፒ ግን ኤክሴፕሽን ይስማማል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም በተለመደው አሠራሩ እያንዳንዱ የገጽ ጥያቄ ከባዶ ጀምሮ በሰኮንድ ክፍልፋይ ይሞታል። አንዱ ጥያቄ ቢወድቅ ቀጣዩ ንጹሕ ሆኖ ይጀምራል። ለወራት ሳይቋረጥ ለሚሠራ ፕሮግራም መውደቅ ጥፋት ነው፤ ለፒኤችፒ ግን አንድን የተበላሸ ጥያቄ ጥሎ ሌላውን ማስተናገድ የተፈጥሮው ነው።

መወርወር ብቻውን እንደማይበቃ ያሳየ አንድ አደጋ ከድረ ገጽ ዓለም ውጭ ደርሷል። ሰኔ 4 ቀን 1996 እ.ኤ.አ. አሪያን 5 የተባለችው የአውሮፓ ሮኬት አራት ክላስተር ሳተላይቶችን ጭና ከፈረንሳይ ጉያና፣ ከኩሩ ተነሣች። በረራው ከተጀመረ 40 ሴኮንድ ያህል በኋላ፣ 3,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከመንገዷ ወጥታ ፈነዳች። መርማሪው ቡድን በዣክ-ልዊ ሊዮንስ ሰብሳቢነት በሐምሌ ያወጣው ዘገባ ምክንያቱን ያልተያዘ ኤክሴፕሽን ሆኖ አገኘው። የሮኬቷን አቋም የሚለካው ኮምፒውተር ባለ 64 ቢት ቁጥርን ወደ ባለ 16 ቢት ሊቀይር ሞከረ። 16 ቢት ከ32,767 በላይ አይዝም፤ ቁጥሩ በለጠ፣ በኤዳ ቋንቋ የተጻፈው ፕሮግራምም ወረወረ። ለዚህ አደጋ ከተጋለጡት ሰባት ቫሪያብሎች አራቱ ጥበቃ ተደርጎላቸዋል፤ ይህኛው ካልተጠበቁት ሦስቱ አንዱ ነበር። ኮዱ ከአሪያን 4 እንዳለ የተወረሰ ነው፤ አሪያን 4 በዚያ ሰዓት ያን ያህል የአግድም ፍጥነት አልነበራትም። ይባስ ብሎ ያ ስሌት ሮኬቷ ከመሬት ከተነሣች በኋላ ለአሪያን 5 ምንም አይጠቅምም ነበር።

ከዚህ ሁሉ ግን የሚያስደነግጠኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። ንድፉ የታሰበው ስህተት ማለት የዕቃ ብልሽት ነው በሚል ስለነበር ኮምፒውተሩ ራሱን ዘግቶ ሥራውን ለተጠባባቂው ሊያስረክብ ነበር። ተጠባባቂው ያንኑ ፕሮግራም ስለሚያሠራ በዚያው ምክንያት ከሰኮንድ ክፍልፋይ በፊት ወድቆ ነበር። የወደቀው ኮምፒውተር ስለ ብልሽቱ የሚናገር የምርመራ መረጃ ላከ። ዋናው የበረራ ኮምፒውተር ያን የብልሽት መረጃ እንደ በረራ መረጃ አነበበው፤ ሮኬቷ ያልሳተችውን መንገድ ስታለች ብሎ የሞተሮቹን አፍ እስከ ዳር አዞረ። የስህተቱ መልእክትና ትክክለኛው ውጤት በአንድ መንገድ ሄዱ፤ ጠሪው መለየት አልቻለም። በስተርፖስ የ0ና የፎልስ ነገር ላይ ያየነው ያው ችግር ነው፤ እዚህ ግን ያቃጠለው ሮኬት ነው።

ወደ ድረ ገጽ ስንመለስ፣ ከሚያዙት ኤክሴፕሽኖች ሁሉ ጥንቃቄ የሚፈልገው የጊዜ ማለቅ ነው። የእናንተ ሰርቨር የክፍያ አገልግሎትን «ከዚህ ደንበኛ 500 ብር ውሰድ» ብሎ ይጠይቃል። መልስ ሳይመጣ ጊዜው ያልቃል፤ ላይብረሪው ይወረውራል። ክፍያው ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም? አይታወቅም። ጥያቄው መንገድ ላይ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ብሩ ተወስዶ መልሱ መንገድ ላይ ጠፍቶም ሊሆን ይችላል። ካች ውስጥ «እንደገና ሞክር» ብሎ የጻፈ ፕሮግራመር ደንበኛውን ሁለት ጊዜ ሊያስከፍል ነው። ትክክለኛው መንገድ ለእያንዳንዱ ክፍያ ከመጀመሪያው የራሱን መለያ ቁጥር መስጠት፣ ጊዜ ሲያልቅም በዚያ ቁጥር ሁኔታውን መጠየቅ ነው። ለደንበኛውም «አልተሳካም» አይባልም፤ «ክፍያዎን እያጣራን ነው፤ እባክዎ ደግመው አይክፈሉ» ይባላል። የማናውቀውን እንደምናውቅ አድርጎ መናገር በስህተት ላይ ሐሰት መጨመር ነው።

ለተጠቃሚው የሚታየው ቃል በቋንቋው ይሁን። አንዲት እናት የልጃቸውን የትምህርት ቤት ክፍያ በአማርኛ ገጽ ሲከፍሉ ቆይተው ድንገት የፋይል ስምና የመስመር ቁጥር የሞላበት የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ቢወጣባቸው ብራቸው የደረሰበትን አያውቁም። ዱካው የሚጠቅመው ለፕሮግራመሩ ነው፤ ቦታው መዝገብ ነው። ማሳየቱ ደግሞ ከማስደንገጥ ያለፈ ጉዳት አለው፤ የዳታቤዝ ግንኙነት ሲከሽፍ በሚወጣው ዱካ ውስጥ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ታትሞ ሊወጣ ይችላል። የፒኤችፒ መመሪያ ይህን ለዓመታት ሲያስጠነቅቅ ቆይቶ በ2022 የወጣው 8.2 ምስጢራዊ ዋጋዎችን ከዱካ የሚደብቅ ምልክት ጨመረ። ያም ሆኖ ሕዝብ በሚጠቀምበት ሰርቨር ላይ «ዲስፕሌይ ኤረርስ» የተባለው ምርጫ መጥፋት፣ «ሎግ ኤረርስ» መብራት አለበት። በሥራ ላይ ላለ ድረ ገጽ ይህ ለድርድር አይቀርብም።

ቋንቋው ሁሉን ሊጮህልን እንደማይችልም እንወቅ። አንድ ቅጽ የኢትዮጵያን ቀን ሳይቀይር በቁጥር ብቻ ለፒኤችፒ የቀን መሣሪያ ቢልክ ምን ይሆናል? ጳጉሜን 5 ቀን 2016 ማለት ወር 13 ነው፤ መሣሪያው አሥራ ሦስተኛ ወር ስለማያውቅ ኤክሴፕሽን ይወረውራል። መልካም ነው፤ ስህተቱ ተሰማ። ጥቅምት 30 ቀን 2016 ግን ወር 2፣ ቀን 30 ነው። ፒኤችፒ ወር 2ን የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ አድርጎ ይቆጥርና 30 ቀን እንደሌለው ሲያይ በዝምታ ወደ ማርች 1 ያሸጋግረዋል። ቀኑ ተቀየረ፤ ማንም አልሰማም። የኛን የዘመን አቆጣጠር ይህ የቀን መሣሪያ አያውቀውም፤ እኛ እናውቀዋለን። ስለዚህ ቀኑ ወደ መሣሪያው ከመግባቱ በፊት የመፈተሽ፣ ሲሳሳትም ራሳችን የመወርወር ሥራ የኛ ነው። ወር ከ1 እስከ 13፣ ቀን ከ1 እስከ 30፣ በአሥራ ሦስተኛው ወር ግን እስከ 5፣ በዘመነ ሉቃስ እስከ 6፤ ከዚህ የወጣ ሁሉ ይወርወር። ያለፈው ደግሞ መጀመሪያ ወደ ጎርጎርዮሳዊው ይቀየር።

ይህን ምዕራፍ ስትጨርሱ አንድ ሥራ እንድትሠሩ እለምናችኋለሁ። በሥራ ላይ ያለ ኮዳችሁን ክፈቱና «ካች» የሚለውን ቃል ፈልጉ። ባዶ ሆኖ ያገኛችሁትን ሁሉ ቢያንስ መዝገብ ላይ እንዲጽፍ አድርጉ፤ ምንም ማድረግ የማይችለውን አውጡትና ነገሩ ወደ ላይ ይለፍ። ጄሰን ኢንኮድ በተጠራበት ቦታ ሁሉ እንዲወረውር እዘዙት። ሰብስተር በአማርኛ ጽሑፍ ላይ የሚሠራበት ቦታ ካለ ዛሬውኑ በኤምቢ ሰብስተር ቀይሩት። በሚቀጥለው ሳምንት የስህተት መዝገባችሁ ከወትሮው ሊሞላ ይችላል፤ አትደንግጡ፤ ስህተቶቹ ድሮም ነበሩ።